በልጄ ስም የምትመታው ልብ

በዚያ ረቡዕ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ልጄ መዲና፣ የመዲና አሠሪ ኡም ናድር፣ ዶክተር ሐናን የሚሏት ተመራማሪ፣ ደም የምትቀዳው ነርስ። ከግድግዳው ጋር በተጠጋው የሙቀት ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንዲት ልብ ነበረች፤ ትመታለች። እሷን ከሰው ልቁጠራት ወይስ ልተዋት፣ ይኸው አገሬ ከገባሁ በኋላም አልቆረጠልኝም።

ይህን የምጽፈው ዮርዳኖስን ረግጠው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይረግጡ፣ ልጆቻቸው ግን እዚያ ላሉ እናቶች ነው። ጎረቤቶቼም መንገዱ እንዴት ነው፣ ምን ይበላል፣ የት ይታደራል እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ለእነሱም መልስ ይሆናል። መጨረሻው ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለኝና እስከዚያ ድረስ አንብቡልኝ።

መዲና የበኩር ልጄ ናት። አማን ከተማ፣ ረቢየህ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ በሰው ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። እንዳትደነግጪ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ደምሽ ውስጥ አንድ ነገር አገኘን አሉኝ። ልብን የሚመለከት ነው። ከዘር የመጣ መሆኑን ለማወቅ የእናትሽም ደም ይታይ ብለዋል።»

«ደሜን ብልክላቸው አይሆንም?»

«ትኩስ መሆን አለበት አሉ። ማማ ትኬቱን እኔ እችላለሁ ብላለች።»

ማማ የምትለው አሠሪዋን ነው። በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ይቺም ቃል እሾህ ሆና ተሰካችብኝ። ግን ጊዜው የቅናት አልነበረም። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ደሙን የሚሰጥላት እኔ ብቻ ነኝ።

ከምኖርበት ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሊሸኙኝ ከመጡት ጎረቤቶች ይመኙሻል የምትባለው ጓደኛዬ ከሁሉም በላይ ፈርታለች፤ ስትፈራ ደግሞ ትቀልዳለች። «ሁለት ኩላሊት ይዘሽ እየሄድሽ ነው፤ ሁለቱንም ይዘሽ ተመለሽ» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ሐይቁን ዞር ብዬ አየሁት። ጉም ተኝቶበት ነበር፤ ውሃው ያለ አይመስልም።

በደሴ፣ በኮምቦልቻ አድርገን አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ነበር። አውቶቡስ ተራው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ በሩ ግን ከውስጥ አይቆለፍም። ፓስፖርቴን በመቀነቴ ጠቅልዬ፣ ወንበሩን በሩ ላይ ደግፌ ተኛሁ። ጠዋት አስተናጋጇ ሻይ ልታመጣልኝ በሩን ስትገፋ ወንበሩ ወድቆ ሁለታችንም ጮኽን። በኋላ ምክንያቴን ስነግራት ሳቀችና ሻዩን በነጻ ሰጠችኝ።

ረቡዕ በአውሮፕላን ተሳፈርኩ። ግማሹ ወንበር እንደ መዲና ያሉ ልጆች ነበሩ። የላካቸው አስቀጣሪ ቢሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሻርፕ ስላደለ ከኋላ ሲታዩ አንዲት ልጅ በብዙ ወንበር የተቀመጠች ይመስላል። አማን ስንወርድ አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። «ፋጡማ!» ይላል፤ ዝም። «ፋጡማ!» ይላል፤ ዝም። በሦስተኛው አጠገቤ የነበረችው ልጅ ብድግ አለች። «ውይ፣ እኔ ነኝ ለካ!» አለች በአማርኛ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስሟን ገና አልለመደችውም ነበር። ሌሎቹ ሳቁባት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን ያን ጊዜ አላውቀውም።

መዲና ከኡም ናድር ጋር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አላወቅኋትም። እውነቱን ልናገር፣ እሷ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ እስክትጠመጠም ድረስ ዓይኔ አልፏት ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ከስታለች፣ ነጥታለች፣ ቅንድቧ ተቀንድቧል፣ የእጇ ሽታ የማላውቀው ሳሙና ነው። «እማዬ» ስትል ግን ያው ናት። ኡም ናድር ሸምገል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ የማላውቀውን ብዙ ነገር ተናገረች። «ቤቴ ቤትሽ ነው ትልሻለች» አለችኝ መዲና፤ ያን ሁሉ በአንዲት ቃል አሳጥራ።

አማን ኮረብታ በኮረብታ ናት። በዚህ ደሴን ትመስላለች። ቤቱ ሁሉ ግን ከአንድ ዓይነት ነጭ ድንጋይ ነው የተሠራው፤ ቆርቆሮ አይታይም። በእኛ አገር ረቡዕ ከሰዓት መንገዱ ሰው ነው፤ ረቢየህ ውስጥ ግን ከድመት በቀር አንድ ፍጡር አላየሁም። መስኮቱ ሁሉ በላሜራ መዝጊያ ተከድኗል። ሰፈሩ ሰው ያለቀበት መሰለኝና ለመዲና ነገርኳት።

«ሁሉም ቤት ውስጥ ናቸው፣ እማ» አለች። «ሰዎቹም፣ እንደ እኔ ያሉትም።»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ተነሣሁ። በተሰጠኝ ክፍል ግድግዳ ላይ የማብሪያዎች መደዳ አለ። አንዱን ብጫን የመስኮቱ ላሜራ እያጓራ ተነሣ። ደንግጬ ሌላውን ተጫንኩ። ክፍሌ ውስጥ ምንም አልበራም። ደጋግሜ ተጫንኩት፣ ምንም። በዚህ መካከል ከኮሪደሩ ማዶ ኡም ናድር «ያ አቡ ናድር! ያ አቡ ናድር!» ብላ ጮኸች። ሮጠን ስንወጣ በዚያኛው ጫፍ በተዘጋው በር ሥር ብርሃን ይታያል። የሞተው ባሏ የአቡ ናድር ክፍል ነው። ከሞተ ጀምሮ ማንም አይገባበትም፤ መብራቱም በርቶ አያውቅም። ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

መዲና ነገሩ ገባትና ወደ ክፍሌ ተመልሳ ማብሪያውን ነካችው። በሩ ሥር ያለው ብርሃን ጠፋ። መልሳ ነካችው፤ በራ። ቤቱ ሲታደስ መስመሩን ያሳሳቱት ሠራተኞች ናቸው መሰለኝ፣ የሟቹ መብራት ከእኔ ክፍል ነበር የሚበራው። እኔ በኀፍረት መሬት ውጪኝ አልኩ። ኡም ናድር ግን ፊቷን ጠርጋ ሳቀችና በመዲና አማካይነት፣ «ባሌ እንግዳ ይወድ ነበር፤ ሰላም ሊልሽ ነው የተነሣው» አለችኝ። በዚያው ዕለት መንሰፍ ሠራችልኝ፤ ሩዝ ላይ የበግ ሥጋ ተደርጎ ትኩስ እርጎ ይፈስበታል። ክብደቱ የእኛን ዶሮ ወጥ ያስንቃል። «ኩሊ፣ ኩሊ» ትለኛለች፤ ብዪ ማለት ነው። ጉልበቷን እያሻሸች እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማማ መባሏን ተውኩላት።

ዓርብና ቅዳሜ እዚያ የሥራ ቀን ስላልሆነ ቤት ተቀመጥን። ከአገር ያመጣሁትን ሱፍ ወቅጬ ፍትፍት ሠራሁ። መዲና ልጅ ሳለች ለሱፍ ፍትፍት ታለቅስ ነበር። ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አልወደድሽውም?»

«ምግቡ ጥሩ ነው። ግን በፊት እወደው ነበር እንዴ?»

ሳህኑን አነሣሁ። ውሃም እዚያ በሳምንት አንዴ ነው የሚለቀቀው፤ ጣሪያ ላይ ባለ ገንዳ ይቆጥቡታል። የሐይቅ ልጅ ውሃ ስትቆጥብ፣ ዕቃ ያጠበችበትን በባልዲ ለአትክልት ስታስቀር ሳያት ሌላ ሰው መሰለችኝ። ውጭ ደግሞ ጋዝ የሚሸጥ መኪና በድምፅ ማጉያ አንዲት ቀጭን ዜማ እያሰማ ባዶውን መንገድ ይዞራል። ዜማው ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ይርቃል። ከሰዓት ቤቱ ሁሉ ሲያሸልብ መዲና በእንቅልፏ በዓረብኛ ተናገረች። የምን ሕልም እንደሆነ መገመት እንኳ አልቻልኩም።

እሑድ ለመዲና ወደደወለው የምርምር ማዕከል ሄድን። ዶክተር ሐናን ከመዲና ብዙም የማትበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መዲና እየተረጎመች እንዲህ አስረዳችኝ። በሰውነታችን ውስጥ እልፍ አእላፍ ሕዋሳት አሉ። የዓይኑም፣ የጉበቱም፣ የልቡም ሕዋስ ውስጡ የተዘረጋለት መብራት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የቱ በርቶ የቱ እንደጠፋ ነው። የልቡ ሕዋስ ልብ የሆነው ለልብ የሚያስፈልገው ስለበራለት፣ ሌላው ስለጠፋለት ነው።

«በሽታ ሲመጣ ሁልጊዜ አምፖሉ ተሰብሮ አይደለም» አለች። «አንዳንዴ አምፖሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው ማብሪያው ነው። ማብሪያው ደግሞ ከመብራቱ አጠገብ ላይሆን ይችላል፤ በጣም ሩቅ ይሆናል። እኛ የትኛው ማብሪያ የትኛውን እንደሚያበራ የሚያሳይ ካርታ ነው የምንሠራው።»

ኡም ናድር ይህን ስትሰማ እጇን አጨበጨበችና የሐሙሱን የባሏን መብራት ነገር ነገረቻት። ዶክተሯ ሳቀች። «በቃ፣ እናቷ ገብቷቸዋል» አለች። ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። አንድ ነገር ግን ገባኝ፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ሳያውቁ የነኩት ነገር በሌላው ክፍል ሙታን ያስነሣል።

ደሜን ሰጠሁ። ከዚያ ዶክተሯ፣ «ልብዋን ማየት ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

የመዲና ነው የተባለውን ደም ከብዙ ጊዜ በፊት ወስደው፣ ከውስጡ ሕዋስ መርጠው፣ ማሕፀን ውስጥ ገና ምንም ሳይሆን ወደነበረበት ጊዜ መልሰውታል። ከዚያ ልብ ሁን አሉት።

«እሺ አለ?» አልኳት።

«እሺ አለ» አለች።

ከሙቀት ሳጥኑ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ሰሃን አውጥታ ማጉሊያው ሥር አደረገች። በማያው ላይ አመድማ ነገር ታየኝ፤ እንደ አጥሚት ስስ። ከዚያ ተኮማተረ። ተዘረጋ። ተኮማተረ። ጥቂት ይመታና የረሳውን ነገር ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ይዘገያል፤ እንደገና ይመታል። ችግሩ ያ መዘግየቱ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣ ዓይኑ ይጨልማል፤ ሳይታከም ከቆየ አንድ ቀን በድንገት ሊቆምበት ይችላል። ቀድሞ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው።

ሲዘገይ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሲመታ ለቀቅሁ። ሳላስበው ወደ ሰሃኑ ጎንበስ ብዬ፣ «አይዞሽ መዲና፣ እኔ አለሁ» አልኩ። መዲና ከኋላዬ ቆማ ነበር። እኔ ግን የተናገርኩት ለሰሃኗ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መዲና፣ «እማ፣ እኔ እዚህ እያለሁ ያንን ነው የምታጽናኚው?» አለችኝ፤ እየሳቀች። ሳቋ ግን አላማረኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት ስታሸልብ እጄን ደረቷ ላይ አሳረፍኩ። ልቧ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያኛዋ ትዘገያለች፤ ይቺ አትዘገይም። ለረጅም ጊዜ እጄን ሳላነሣ ጠበቅሁ። ምናልባት ቀን ቀን ይሻላት ይሆናል አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን እንደምፈራ ራሴም አላወቅሁትም።

ረቡዕ ከማዕከሉ ተጠራን። መጀመሪያ የቆጠርኳቸው ሰዎች ሁሉ ነበሩ። ዶክተር ሐናን በሩን ዘግታ ተቀመጠችና ለመዲና በዝግታ አንድ ነገር ነገረቻት።

«ምን አለች?»

ኡም ናድር የመዲናን እጅ ያዘች።

«መዲና፣ ምን አለች?»

«ከአንቺ አልተወለደችም ነው የምትለው።»

«ማን?»

«እኔ» አለች ልጄ።

ከሳጥኑ ዝግ ያለ ጉምጉምታ ይመጣል፤ የሙቀቱ ሞተር ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ዓይኔ አልፏት እንደሄደ አስታወስኩ። ሱፉን አስታወስኩ። በእንቅልፏ የተናገረችውን አስታወስኩ። አንዲት ሴት ይህን ማሰቧን ስትጽፍ ታፍራለች፤ ግን የልጄን ስም፣ የልጄን ድምፅ ይዛ የተቀመጠች ሌላ ሰው ብትሆንስ አልኩ። ሳልጠይቃት ሻርፗን ከግራ ጆሮዋ ላይ ገለጥኩ። ልጅ ሳለች የይመኙሻል ፍየል የወጋቻት ጠባሳ ከጆሮዋ ሥር አለ።

አለ። እዚያው ነው።

«ትፈትሺኛለሽ፣ እማ?» አለችኝ። እንባዋ መጣ።

«አንቺን አይደለም፤ ራሴን ነው የምፈትሸው» አልኳት። «እኔ ነኝ ያማጥኩሽ። ንገሪያት፣ ተሳስታለች።»

መዲና ነገረቻት። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ደሙን የሰጠሽው ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዓርብ ዓርብ በሚያደርጉት ስብሰባ ላይ ነው አይደል? ቡድናችን መጥቶ ለምርምራችን ደም ለሚሰጡ ነጻ ምርመራ ያደረገ ጊዜ?» አለቻት።

«እኔ?» አለች መዲና። «እኔ ደም የሰጠሁት ለኢቃማ ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከማማ ጋር ሄጄ። በዚያው ሰሞን...» አለችና ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «እማ፣ ሙሉ ናት» አለችኝ።

«ማናት ሙሉ?»

ሙሉ ከመዲና ጋር ዓርብ ዓርብ የምትገናኝ ልጅ ናት። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ የራሷ ወረቀት አልነበራትም፤ ሰው ቤትና ቢሮ እያጸዳች ትኖር ነበር። ደረጃ ስትወጣ ይደክማታል። ወረቀት ስለሌላት ሐኪም ቤት መሄድ ትፈራለች። ያን ዓርብ ነጻ ምርመራ መጣ ሲባል ግን ኢቃማ ያለው ብቻ ተባለ። መዲና የራሷን ኢቃማ አወጣችና ሰጠቻት፤ ሻርፗንም አሰረችላት። ሴቶቹ፣ «ፎቶው ከመዲና ይልቅ ሙሉን ነው የሚመስል» እያሉ ሲስቁ፣ ደም ቀጂው ካርዱን አየ፣ ፊቷን አየ፣ «ያላ፣ ክንድሽን» አለ። አለቀ። እህትነት ነው፤ ነጠላ እንደ መዋዋስ ያለ። የዚያን ቀን የተነገራት የደም ግፊቷን ብቻ ነው። የልቡ ነገር የታወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲደወል ደግሞ የተደወለው ለካርዱ ባለቤት ነው። መዲናም ደምሽ ሲሏት ለኢቃማ የሰጠችው መሰላት።

«ንገሪያቸው» አልኳት።

«ካርድ ማዋስ ወንጀል ነው፣ እማ። ሙሉን ያባርሯታል። እኔንም።»

ዶክተሯና ኡም ናድር አማርኛ አያውቁም፤ ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። ልጄን ከእንጀራዋ የማፈናቅላት መሰለኝ። ሳጥኑን አየሁት። ያቺ ልብ እየመታች፣ እየዘገየች፣ እየመታች ነው።

«ልቧ እዚህ ናት፣ እሷ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም» አልኩ። «ይህ ነው የሚብሰው። ንገሪ፣ ልጄ።»

ነገረቻቸው። ኡም ናድር ሁለቱንም መዳፎቿን ጉንጮቿ ላይ አደረገች። ካርዱ በእሷ ዋስትና የወጣ ነው። እስኪ ምን ትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔንስ ብትጠይቂኝ ሐኪም ዘንድ አልወስዳትም ነበር?» አለች። መዲና ያን ጊዜ ነው የተንሰቀሰቀችው። ዶክተር ሐናን ደግሞ፣ «እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ልጅቷን ነው የምፈልገው» አለች። ነርሷ የመዲናን ደም አዲስ ቀዳች።

ሐሙስ በታክሲ ሽሜሳኒ ወደሚባል ሰፈር ሄድን፤ ሙሉ መጨረሻ ታጸዳበት ወደነበረው ሕንጻ። ዘበኛው ግብፃዊ ነው። ሙሉን ሙና ብለው ነው የሚጠሯት። «ሙና ብዙ ክፍል አትጨርስም ነበር» አለን። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትቀመጣለች። ዝም ብላ ደረቷን ይዛ ታዳምጣለች። ምን ታዳምጫለሽ ስላት ‹እየቆጠርኩት ነው› ትለኛለች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም።» ደረጃውን አሳየን። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። እኔም ተቀመጥኩበት፤ ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ከዚያ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ስልክ ተደወለ። ዶክተር ሐናን ናት። መዲና ጤነኛ ናት፤ ልጄም ናት። ሾፌሩ እስኪደነግጥ ድረስ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ግን መልሼ ገጠምኩት። የእኔ ልጅ ዳነች ማለት የሌላ እናት ልጅ ታመመች ማለት ነው፤ ያቺ እናት ደግሞ አታውቅም። በዝግታ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ እሱን እንኳ የተራበ ሰው ፊት እንደመብላት አፈርኩበት።

ዓርብ ተላዕ አል-ዓሊ፣ ሴቶቹ ወደሚሰበሰቡበት ቤት ሄድን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ከፎቁ ሲሰማ የሐይቅ ገበያ ይመስላል። ስለ ሙሉ ስንጠይቅ አንዷ፣ «ሙሉ? የደረጃዋ ማዳም?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ፎቅ በወጡ ቁጥር ደረጃ ላይ ስለምትቀመጥ ያወጡላት ስም ነው።

«‹ማዳም፣ ቡና ይምጣልሽ?› እያልን እናልፋታለን» አለች አንዲት ወፈር ያለች። «ሰነፍ መስላን ነው እኮ፣ እትዬ።»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። ያቺ ወፈር ያለችው ልጅ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። አንዷ ዐቃባ ወረደች ትላለች። አንዷ ወደ ቤይሩት ተሻገረች፣ ሌላዋ አገር ቤት ገብታለች። ስልኳ ዝግ ነው። ባዕድ አገር ውስጥ ሰው እንዲህ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ያስባል።

እሑድ፣ ከመመለሴ በፊት፣ ዶክተር ሐናንን ልሰናበት ሄድኩ። በሕጋቸው መሠረት ሙሉ ራሷ በራሷ ስም ስላልፈቀደች በዚያች ልብ ከእንግዲህ መሥራት አይችሉም።

«ትጥሏታላችሁ?» አልኩ።

«አንጥላትም። እናቀዘቅዛታለን። ትቆማለች፤ ግን አትሞትም። ባለቤቷ መጥታ የምትለውን እስክትል ትቆያለች።»

ሰሃኗ ላይ ያለውን ጽሑፍ መዲናን አስነብቤያት ነበር፤ የመዲና ስም ነው። ከመቀዝቀዟ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አየኋት። መታች። ዘገየች። ከወትሮው የረዘመ መሰለኝ። መታች። አሁን ምን ብዬ እንደምጠራት ስላወቅሁ፣ «ሙሉ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ኡም ናድር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ፤ በሻንጣዬ ዘዕተር የሚሉት ቅመምና የበግ እርጎ ድርቆሽ ሞልታብኛለች። ይመኙሻል ሐይቅ ላይ ስትቀበለኝ ወገቤን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ሁለቱም አሉ!» አለች። ሳቅሁ። ከሳምንት በኋላ ግን የቤቴን ደረጃ ስወጣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። ሙሉ ትባላለች፤ ዓረቦቹ ሙና ይሏታል። የአባቷን ስም መዲና አታውቀውም። ከውጫሌ ወዲያ ነኝ ትል ነበር። ጠይም ናት፣ ረዘም ያለች፤ በግራ እጇ አንጓ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። ደረጃ ሲያደክማት ትቀመጣለች። በሽታዋ አይተላለፍም፣ አያሳፍርም፤ መድኃኒት አለው። የትም አገር ትሁን፣ የልብ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ያለችበትን የምታውቁ፣ ወይም የእናቷን ቤት የምታውቁ፣ ሐይቅ መጥታችሁ የመዲናን እናት ብትሉ ሕፃን እንኳ ያሳያችኋል።

ሙሉ ደህና ናት? የሚያውቅ ይንገረኝ።